ጋቢ የለበሰችው ሳይክል

ሰላም ላንቺ ይሁን እህታለም። የምጽፍልሽ ከኮምቦልቻ ነው። 36 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ነኝ፣ ፋብሪካ ውስጥ በጥገና ሥራ እተዳደራለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ግን ደሴ ነው። ችግሬ ለሌላ ሰው ቀልድ ሊመስለው ይችላል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ልጆች ሆነን ሆጤ ሜዳ አካባቢ ሳይክል በደቂቃ እየተከራየን እንነዳ ነበር። ፍሬን የሚባል ነገር አልነበራትም፣ የምናቆማት በጫማችን ነው። የራሴ ሳይክል እንዲኖረኝ የተመኘሁት ያኔ ነው። አምና ዕቁብ ሲደርሰኝ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ያገለገለች ቢያንኪ ገዛሁ። አሮጌ ሞዴል ናት፣ ሙሉ ብረት፣ የጣሊያን። ቀለሟ ሰማያዊም አረንጓዴም አይባልም። ዝናብ ካባራ በኋላ ያለ ሰማይ ነው የሚመስለው። ባለቤቴ ምንም አላለችም። የሥራ ጓደኞቼ ግን "ይሄኔ ለባጃጅ ቀብድ ትከፍልበት ነበር" ብለው ሳቁብኝ።

ይኸው ዓመት ሊሞላት ነው፣ የነዳኋት አሥር ጊዜ አይሆንም። የማስቀምጣት መኝታ ቤት ነው። ጋቢ አልብሻታለሁ። ባጃጅ ይገጫታል፣ አቧራ ይበላታል፣ ይሰርቁኛል እያልኩ ቀኑ ያልፋል። እናቴም "ዓይን ይበላታል፣ ሰው ፊት አታውጣት" ትለኛለች። የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ሊያያት ብሎ ሲጎትታት ከግድግዳ ጋር አጋጫትና የጥፍር ያህል ቀለም ተላጠ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጮኽኩበት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሲመጣ የመኝታ ቤቱን ደፍ አያልፍም።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ሰፈራችን በአሮጌ ፊኒክስ ሳይክል ዳቦ ለሱቆች የሚያመላልስ ልጅ አለ። አንድ እሑድ ጠዋት ይዣት ስወጣ አገኘኝ። አጠገቧ ቆሞ ስለ ክብደቷ፣ ስለ ካምቢዮዋ ብዙ ጠየቀኝ። መጨረሻ ላይ "ከኔዋ ጋር እንሽቀዳደም?" ብሎ ሳቀ። እኔ ሰው እየሰማ "ያቺን ለቁራሌው ሽጣት፣ ማን ሳይክል ይላታል" አልኩት። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ሲያየኝ አንገቱን ይሰብራል። እንደዚያ ያለ ሰው አልነበርኩም።

በ2014 በጦርነቱ ከተማውን ጥለን ወጥተን ስንመለስ ቤታችን ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለራሴ ብዬ የገዛሁት ነገር እሷ ብቻ ናት። ባለቤቴ አሁን "ወይ ንዳት ወይ ሽጣት" ብላኛለች። ልሽጣት?

ስሜ ይቆይ፣ ከኮምቦልቻ

እንደምን ከረምክ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። ቀልድ አልመሰለኝም። ስለ ቀለሟ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ዳቦ አመላላሹ እየነገርከኝ መጥተህ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርገህ አለፍክ። "ስንመለስ ቤታችን ባዶ ነበር።" እኔ እዚያ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

የዚያን ዓመት ኅዳር ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የነበረ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። ሰው በለበሰው ልብስ ወጥቶ፣ ሲመለስ ፍራሹን አጥቷል፣ ድስቱን አጥቷል፣ የልጁን ደብተር እንኳ ሳይቀር። እንደዚያ ቤቱ ባዶ ሆኖ ያገኘ ሰው በኋላ አንድ የሚያምር ነገር እጁ ሲገባ ጋቢ ቢያለብሳት ምን ይገርማል? እኔን አልገረመኝም። እባክህ አንተም በዚህ ራስህን አትውቀስ።

ግን ልጠይቅህ። ማታ መብራት አጥፍተህ ስትተኛ እሷ እዚያ ጥግ መኖሯ ያሳርፍሃል ወይስ ያስጨንቅሃል? ውጭ ኮቴ ስትሰማ ልብህ መጀመሪያ ወዴት ይሄዳል? ለኔ መልስልኝ አይደለም። ለባለቤትህ ንገራት። እሷም ያንኑ ባዶ ቤት ነው ከፍታ የገባችው። "ወይ ንዳት ወይ ሽጣት" ያለችህ በሳይክሏ ተናዳ ላይሆን ይችላል፣ አንተን እንደታሰርክ ስላየችህ ይሆናል። ምናልባት ስለዚያ ዓመት ቁጭ ብላችሁ አውርታችሁ አታውቁም። ብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ ነው። ሥራ ተጀመረ፣ ዕቃ ተገዛ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ገባች፣ ወሬው ግን ሳይወራ ቀረ። እንቅልፍ ማጣትህ ከሳይክሏም ያለፈ ከሆነ፣ በር ሲንኳኳ እንኳ የምትደነግጥ ከሆነ፣ ሐኪም ማነጋገር ነውር የለውም።

አሁን ወደ ሳይክሏ እንምጣ።

አባቴ ደሴ ውስጥ አስተማሪ ነበር፣ ትምህርት ቤት የሚመላለሰውም በሳይክል ነው። እሑድ እሑድ ደጃፍ ላይ ገልብጦ ያስቀምጣትና ይጠግናታል። ካላማዳሪያውን ነፍቶ ይሰጠኝና ሳፋ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ አረፋ የምፈልገው እኔ ነበርኩ። አረፋው ብቅ ሲል "እዚህ ጋ!" ብዬ ስጮኽ የሚሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም። ስለዚህ ስለ ሳይክል ስጽፍልህ ትንሽ ብረዝም ታገሰኝ።

አንተ ሳታውቀው የቀለሟን ትክክለኛ ስም ጠርተሃል። ቢያንኪ እ.ኤ.አ. በ1885 ሚላኖ የተቋቋመ ፋብሪካ ነው፣ ያ ቀለም ደግሞ "ቼሌስቴ" ነው የሚባለው። በጣሊያንኛ የሰማይ ቀለም እንደማለት ነው። አየህ፣ ዓይንህ ልክ ነው ያየው። ፋውስቶ ኮፒ የሚባለው ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1952 ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍ የነዳው ቢያንኪ ነበር። የተራራ ጠጠር፣ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ውድቀት ሁሉ ባለበት ውድድር ማለት ነው። የእንደነዚያ ሳይክሎች ዘር የሆነች ሳይክል የኮምቦልቻን አቧራ ትችላለች። አብሽር።

ብረት መሆኗ ደግሞ ትልቅ ፀጋ ነው። ብረት ቢጣመም ይቃናል፣ ቢሰበር ጥሩ በያጅ ይበይደዋል። ቀለም ቢላጥ የሚያሰጋው ዝገት ነው፣ እሱም ቢሆን ባዶ ብረቱ ሲጋለጥ ብቻ። የተላጠውን ቦታ በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ፣ ትንሽ ዝገት ከጀመረው በስስ ብርጭቆ ወረቀት አሽተህ፣ የጥፍር ቀለም ብትቀባው ብረቱ አየርና ውሃ አያገኘውም። የጥፍር ቀለም ነው ያልኩህ፣ ሴቶች የምንቀባው። ለቀለሟ የሚቀርበውን ሱቅ ሄደህ ምረጥ።

እና ያንን የጥፍር ቀለም የሚቀባልህ የእህትህ ልጅ ይሁን። ጥራው። "ያን ቀን የጮኽኩብህ ደንግጬ ነው፣ አጠፋሁ" በለው። ዘጠኝ ዓመት ልጅ ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቀው እንዴት እንደሚሆን ታየዋለህ። ከዚያ ብሩሹን ስጠው። ከመስመሩ ወጣ ቢል ዝም በል። ዓመት አልፎ ያቺን ቦታ ባየህ ቁጥር ትዝ የሚልህ ጩኸቱ ሳይሆን የሱ ትንሽ እጅ እንዲሆን ነው የምፈልገው።

ስርቆቱን በተመለከተ ፍርሃትህ እውነት ነው፣ አላቃልለውም። ግን ፍርሃትን በቁልፍ ማሳነስ ይቻላል። ጥሩ ሰንሰለትና ቁልፍ ግዛ፣ ስትቆልፋት ጎማውን ብቻ አይሁን፣ የኋላ ጎማውንና ዋናውን ብረት አንድ ላይ ከማይነቀል ነገር ጋር እሰራቸው። አብዛኛውን ጊዜ ፔዳሎቹ የሚገናኙበት ቦታ ሥር የተመታ ቁጥር አለ። ገልብጠህ ፈልገውና በስልክህ ፎቶ አንሳው፣ እሷንም ከነሙሉ ቁመናዋ አንሳት። ፋብሪካችሁ በር ላይ ጥበቃዎች አሉ አይደል? አንዱን አነጋግርና ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አስቀምጣት። ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላ የሚተርፈው ስጋት ማንኛውም ንብረት ያለው ሰው የሚሸከመው ነው። ጋቢው ከዚህ በላይ አይጠብቃትም።

እንዲያውም የቆመች ሳይክል ትጎዳለች። ካላማዳሪያው ቀስ በቀስ ይተነፍሳል፣ ጎማው ተጨፍልቆ ሲከርም ይሰነጣጠቃል፣ ካቴናው ላይ ያለው ዘይት ይደርቃል። የቆመችበትን ዓመት ያህል ብትነዳት ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስባትም ነበር። አደራ ታዲያ፣ ሰው "የተቃጠለ ዘይት ቀባው" ቢልህ አትስማ። ከሞተር የወጣ ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ አለ፣ ካቴናውን ይሞርደዋል። ንጹሕ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አድርገህ፣ ፔዳሉን ወደኋላ አሽከርክረህ፣ የተረፈውን በጨርቅ ጥረገው። ዝናብ ከመታት ቤት ስትገባ አድርቃት። በቃ፣ አምስት ደቂቃ ነው።

አሁን ደግሞ ከባዱ ነገር። የዳቦው ልጅ።

እዚህ ላይ በግልጽ ልንገርህ፣ አትቀየመኝ። ያልከው ነገር ልጁን አቁስሏል። አንተም አውቀኸዋል፣ ባታውቀው አትጽፍልኝም ነበር። እኔን ግን ሌላ ነገር ከነከነኝ። ባልደረቦችህ ሳይክልህን አይተው ያሰቡት ባጃጅ ነው። እናትህ ያሰቡት ዓይን ነው። ባለቤትህ ዝም አለች። ሠፈሩ ውስጥ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ስለ ክብደቷና ስለ ካምቢዮዋ የጠየቀህ ያ ልጅ ብቻ ነው። አንተ ያየኸውን ውበት ያየልህ እሱ ነበር። ደስታህን ልትካፈለው የምትችለው ብቸኛ ሰው መጥቶ በቃል መታኸው። ለምን ይመስልሃል? የኔ ግምት ባልደረቦችህ የሳቁብህ ሳቅ ሆድህ ውስጥ ስለነበረ ይመስለኛል። አንተን ዝቅ ያደረጉበትን ነገር አቀብለኸዋል። ተሳስቼ ከሆነ አንተ ታውቃለህ።

ደግሞ ስለ ፊኒክስ አስበህ ታውቃለህ? የሻንጋይ ሳይክል ናት። ከባድ ናት፣ ውብ አይደለችም እንበል። ግን ያ ልጅ በየማለዳው ዳቦ ጭኖ ይነዳታል፣ ዳገት ያወጣታል፣ ትመልሰዋለች። በሷ ነው የሚበላው። ያንን ሥራ የአንተዋ ልትሠራው አትችልም፣ የሷን ሩጫ ደግሞ ፊኒክሷ አትችለውም። እንደ በቅሎና ፈረስ ናቸው። ወሎ ውስጥ አድገህ ይህ አይጠፋህም።

ታዲያ ምን ታድርግ? ሱቅ በር ላይ ሲያራግፍ ጠብቀው። ሰው እየሰማ ስለሰደብከው ሰው እየሰማ ይቅርታ ብትጠይቀው ጥሩ ነው። ንግግር አታብዛ። "ያን ቀን የተናገርኩህ ልክ አልነበረም፣ ይቅር በለኝ" በቂ ነው። በዚያው ሰበብ አታብዛበት፣ "እኔ እኮ እንደዚህ ስለነበርኩ..." እያልክ የራስህን ጭንቀት አታሸክመው። ከዚያ "ና ሞክራት" በለው። እምቢ ካለ እሺ በልና ተወው፣ ቂሙ እስኪበርድለት ጊዜ የሚፈልግ ሰው አለ። እሺ ካለህ ግን ከኋላው አትሩጥ፣ "ቀስ! ቀስ!" እያልክ አትከተለው። አንድ ዙር ይንዳት። ሲመለስ የሱን ጠይቀውና አንተም ፊኒክሷን ንዳ። እግርህ ይነግርሃል።

ወሬ ካስፈለጋችሁ ይኸውልህ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ነው፣ ያኔ ከሯጮቹ ጋር ሳይክለኞችም ሄደዋል፣ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ያ ልጅ ይህን ቢሰማ ደስ የሚለው ይመስለኛል። ማን ያውቃል፣ ካንተ የበለጠ ያውቅም ይሆናል።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳት። ሳይክልህን መውደድህ ኩራት አይደለም። ትሑት ለመምሰል ብለህ አታቆሽሻት፣ "እቺማ ምን አላት" እያልክ አታራክሳት። ሰው ቆሞ "ታምራለች" ካለህ "አዎ፣ በጣም ነው የምወዳት" በል። ለመጣው ሁሉ የማበደር ግዴታም የለብህም። "ይቅርታ ወንድሜ፣ እሷን አላውስም" ማለት ንፉግነት አይደለም፣ በደህና ቃል እስከተባለ ድረስ።

እናትህን ደግሞ በክርክር አትርታቸው። ስለ ዓይን ያላቸውን ስጋት በልጅነታቸው የሰሙት ነው፣ ከፍቅራቸው ጋር ተሰፍቷል። ይልቅ ይመርቁልህ። ሳይክሏን ይዘህ ደሴ ሂድ፣ ቡና ያፍሉ፣ ጎረቤት ይጠራ፣ እሷን ደጃፍ ላይ አቁማት፣ ሰው ሁሉ ማሻአላህ ይበል፣ እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁ። ከምርቃቱ በኋላ "አታውጣት" የሚሉህ አይመስለኝም።

የደሴን ነገር ካነሳሁ መንገዱን ሳልነግርህ አላልፍም። ከኮምቦልቻ ደሴ ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ግን የከፍታው ልዩነት 600 ሜትር ገደማ ነው፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ላብህ ይንቆረቆራል። ስትወጣ አትቸኩል፣ ቀላሉን ማርሽ አስገብተህ እያወራህ መውጣት በምትችልበት ፍጥነት ሂድ። የሚያስፈራኝ መውረዱ ነው። ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ይዘህ ከወረድክ ቸርኬው በፍትጊያ ይግላል፣ በጣም ሲግል ካላማዳሪያውን ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ ጠንከር አድርገህ ፍጥነቱን ቀንስ፣ ልቀቅ፣ እንደገና ቀንስ፣ ልቀቅ። የፊቱንም የኋላውንም ተጠቀም። መሀል ላይ ቁም፣ ቦርከናን ወደታች እያየህ ውሃ ጠጣ፣ ቸርኬው ይቀዝቅዝ። ጭነት መኪና ከኋላ ሲመጣ ዳር ይዘህ አሳልፈው። ሰኞ አትሂድ፣ የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ ይጨናነቃል። ጉም ካለም አትነሳ፣ የደሴን ጉም ታውቀዋለህ። ሄልሜት አድርግ፣ ሴት ልጅህ አባቷን ትፈልገዋለች። ይህ ግን ለወደፊት ነው፣ ዓመት ሙሉ ያልነዳ ሰው በሐረጎ አይጀምርም።

ልሽጣት ወይ ላልከው፣ አሁን አትሽጣት። ከፍርሃትም ከጸጸትም ጋር ሆነህ የምትሸጣት ከሆነ ሁለቱም ካንተ ጋር ይቀራሉ፣ እሷ ብቻ ትሄዳለች። ሁለት ወር ስጣት። በሁለት ወር ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ሥራ ሂድባት፣ ዝናብም ቢሆን አቧራም ቢሆን። የነዳህበትን ቀን ካሌንደሩ ላይ ምልክት አድርግ፣ ባለቤትህም እንድታየው። በሁለት ወር ውስጥ ሁለተኛ ጭረት ይመጣል፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ምናልባትም ባጃጅ ይነካታል። ያን ቀን ማታ ልብህን እየው። ያን ማታ ተቆጥተህ፣ ጠርገሃት፣ እራት በልተህ ከተኛህ መልሱን አግኝተኸዋል። አሁንም ለሊቱን ሙሉ ካልተኛህ ግን ለሚነዳት ሰው ሽጣት፣ በዚያ የሚወቅስህ የለም። ያኔ የምትሄድበትን ርካሽ ሳይክል ግዛና ንዳ፣ ምክንያቱም ሆጤ ሜዳ ላይ በጫማህ እያቆምክ ስትነዳ የነበረችውን ሳይክል ቀለሟን አልነገርከኝም፣ ፍሬን እንዳልነበራት ነው የነገርከኝ፣ ያንን ደስታ ለማግኘት ቢያንኪ የግድ አላስፈለገህም ነበር።

ነገ ማታ ጋቢውን አንሳ፣ እጠበውና ራስህ ልበሰው፣ ብርድ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለህ ውጣ። ከመውጣትህ በፊት ጎማዎቹን በአውራ ጣትህ ተጫናቸው፣ ያን ያህል የቆመች ሳይክል አየር ማጣቷ አይቀርም። ፖምፓ ከሌለህ ደግሞ፣ በየቀኑ ዳቦ የሚያመላልሰው ልጅ ሳይኖረው አይቀርም።